ባለቤቴ እያነበበልኝ ሁሉንም «በፍጹም» አልኩ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ ስሄድ አሥር ጥያቄ ያለበት ወረቀት ሰጡኝ። ያለ ምክንያት ተጨንቀሻል ወይ፣ አልቅሰሻል ወይ ይላል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ባለቤቴ እየተረጎመ አነበበልኝ። እሱ ፊት ምን ልበል? ሁሉንም «በፍጹም» አልኩ።

የመጀመሪያ ልጄን አዲስ አበባ ወልጄ አራስ ቤት ሳለሁ ግን ሁለት ወር ሙሉ አልቅሻለሁ። ገንፎው ሲቀርብልኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር። እናቴ «ብርድ መቷት ነው» ትል ነበር። አሁን ቪዛ ስለተከለከለች አትመጣልኝም። እንቅልፍ ካጣሁ ወር ሆነኝ። እውነቱን ብናገር ልጄን ይወስዱብኛል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦
እህቴ፣ ከፍርሃትሽ ልጀምር። «አዝኛለሁ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ» ማለት ብቻውን ልጅ አያስወስድም። የሚጠይቁሽ ሳትወልጂ ሊደርሱልሽ ብለው ነው።

ወረቀቱ የነፍሰ ጡርና የአራስ ድብርት ምልክት የሚፈትሸው፣ የኤድንብራ መጠይቅ የሚባለው ይመስለኛል፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ የወጣ ነው፣ ነጥቡ ከ0 እስከ 30። ነጥብሽ ከፍ አለ ማለት ታመሻል ማለት አይደለም፤ ቁጭ ብለን እንነጋገር ማለት ነው። ግን የሚጠይቀው ያለፉትን 7 ቀናት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን አራስነትሽን አይጠይቅም፤ ለሚመጣው በብርቱ የሚያስጠነቅቀው ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ በአፍሽ ንገሪያቸው፦ ሁለቱን ወር፣ ገንፎውን፣ ግድግዳውን። እናትሽ ጨክናብሽ አይደለም፤ የምታውቀውን ስም ሰጠችው። ከወሊድ በኋላ ጥቂት ቀን ሆድ መባስ የብዙ ሴት ነው፤ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ሕክምና ይፈልጋል። በእርግዝና የሚጀመር የምክር ሕክምና ደግሞ ድብርቱ ተመልሶ የመምጣቱን ዕድል ይቀንሳል።

ባልሽን እየወቀስኩ አይደለም፤ በራስሽ ጊዜ ንገሪው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን አስተርጓሚሽ እሱ መሆን የለበትም። ገና ስትገቢ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በያቸው። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ብዙ ጊዜ በስልክ ነው የሚያገናኙሽ።

እስከዚያው 1-833-852-6262 ደውዪ። የእናቶች የአእምሮ ጤና መስመር ነው፤ ነጻ ነው፣ ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚም ያቀርባል። ራስሽን ስለመጉዳት ካሰብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ 988 ደውዪ።

በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ደግሞ ወረቀቱን እንደገና ስጡኝ በያቸው።