ክህነትን ለምትመኙ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየግቢ ጉባኤው የምታገለግሉ የጅማ ወጣቶች፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን። አንዳንዶቻችሁ ዲቁና ለመቀበል እየተዘጋጃችሁ ነው፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ዲያቆናት ሆናችሁ ቅስናን ታስባላችሁ። በመምህርነትም በክህነትም በዚህችው ከተማ ያረጀሁ አባታችሁ ስለሆንኩ፣ አጥብቄ የማምንበትን አንድ ነገር ልጽፍላችሁ ወደድኩ፤ ይኸውም ክህነት ሰው ለሌሎች ሲል የሚሸከመው አደራ መሆኑ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ማለትም ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ካልተሟሉ አይቀደስም። አንድ ቄስ የቱንም ያህል ሊቅ፣ ድምፁም የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ብቻውን ቤተ መቅደስ ገብቶ መሥዋዕቱን ሊያቀርብ አይችልም፤ ጳጳስም ቢሆን እንዲሁ ነው። ካህኑ በግእዝ «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» (እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን) ብሎ ሲባርክ ደግሞ ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ» (ከመንፈስህ ጋር) ብሎ ይመልስለታል፤ ማለዳ ተነሥተው በመቋሚያ ተደግፈው የሚቆሙት አረጋዊም ድምፅ በቅዳሴው ውስጥ የራሱ ስፍራ አለው። ይህን ሥርዓት በልቡ ያኖረ አገልጋይ፣ ስለ ትዕቢት ሌላ ተግሣጽ ብዙም የሚያስፈልገው አይመስለኝም። በስልካችሁ የምታዩት፣ አንድ ሰባኪ ብቻውን ቆሞ ሺዎች የሚያደንቁት ምስል፣ የአገልግሎት ሙሉ መልክ ሆኖ እንዳይቀረጽባችሁ ከልቤ እሰጋለሁ።

ሐዋርያት ሰባቱን ዲያቆናት የሾሙት በዕለት ምግብ እደላ ላይ ችላ የተባሉ መበለቶች ስለነበሩ ነው (ሐዋ. 6፥1-6)። ከሰባቱ አንዱ የሆነው ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ መጀመሪያ የተመረጠው ለማዕድ አገልግሎት ነበር። በከተማችን ሆስፒታል ከከፋና ከኢሉባቦር ገጠር መጥተው ጠያቂ ዘመድ የሌላቸው ሕሙማን ይተኛሉ፤ ዲቁናን የሚመኝ ወጣት ከመሾሙ በፊት የእነዚህን አልጋ ቢያውቅ መልካም ነው። እኅቶቻችሁ ሥልጣነ ክህነት ባይቀበሉም ይህ በር ለእነርሱም እኩል ክፍት ነው፤ ቅዱስ ጴጥሮስ «የንጉሥ ካህናት» ያለው ምእመናንን ሁሉ ነውና (1ኛ ጴጥ. 2፥9)።

አደራው እስከ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ከቅርባችን ምስክር አለን። ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ከግብፅ ስታስመጣ ኖራ፣ በ1921 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስና አቡነ ሚካኤል ከሌሎች ሁለት ኢትዮጵያውያን አባቶች ጋር ጵጵስና ተሾሙ። ለወራሪው የፋሺስት ጦር ባለመገዛታቸው አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ አቡነ ሚካኤል ደግሞ በ1929 ዓ.ም. በዚሁ በምዕራቡ አገራችን በጎሬ ተገደሉ። በእረኝነት ያገኙትን ክብር ራሳቸውን ለማዳን አልተጠቀሙበትም።

ከእናንተ የሚበዙት እንዲህ ያለ ፈተና ላይገጥማቸው ይችላል። የቄስ ድካም በአብዛኛው ከሰው ዓይን የተሰወረ ነው፤ የንስሐ ልጆቹን ቤት እየዞረ ይጠይቃል፣ የተጣሉ ባልና ሚስትን ያስታርቃል፣ የሰማውን ኑዛዜ ለሚስቱም ለወዳጁም ሳይናገር ይዞት ይኖራል። በተለይ ይህ የመጨረሻው ከባድ ነው፤ ምሥጢር መጠበቅ የማይችል ሰው፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላለት እንኳ፣ ቅስናን ባይቀበል ለእርሱም ለምእመኑም ይሻላል።

ዲያቆናት የሆናችሁ እንደምታውቁት፣ ቅስና የሚሻ አስቀድሞ በቅዱስ ቁርባን ያገባል ወይም ይመነኩሳል፤ ከቅስና በኋላ ማግባት የለም። ስለዚህ ልታገቧት ላሰባችኋት ልጅ አሳባችሁን ከሽምግልናው በፊት ግለጡላት። ለሚሞት ሰው ሌሊት በር ሲንኳኳ አብራችሁ የምትነቃው እርሷ ናት፤ የቤቱንም ችግር የምትካፈለው እርሷ ናት። ይህን ሁሉ ሰምታ በፈቃዷ ከተስማማች፣ ያን ጊዜ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።