40 ቮልት እያሳየ አምፖል ያላበራው አልተርኔተር

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት ጥያቄ ላከልኝ። ቤቱ ውስጥ አልተርኔተር፣ ማለትም ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማሽን፣ ሠርቷል። ያለ ጭነት፣ ምንም ሳያስርበት፣ ሲያዞረው ቴስተሩ 40 ቮልት ያሳያል። የኮይሉን (የተጠመጠመውን ሽቦ) ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገታበትን መጠን፣ ለክቶ 20 ኦም አግኝቷል። ባለ 12 ቮልት፣ 55 ዋት የመኪና አምፖል ሲያስርበት ግን ቮልቴጁ ይወድቃል፣ አምፖሉም አይበራም። «ሽቦውን በወፍራም ልቀይረው?» ይላል።

ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ። በ1970ዎቹ የቴክኒክ ተማሪዎች ነበርን። የክፍል ጓደኛዬ አባት ገጠር ውስጥ የውሃ ወፍጮ ነበራቸው። ልጁ በዚያ ወፍጮ መብራት አወጣለሁ ብሎ ተነሳ። ማግኔቱን ከተበላሹ ስፒከሮች ፈልፍሎ አወጣ። የዛሬው ብርቱ ማግኔት፣ ኒዮዲሚየም፣ ያኔ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ሮተሩን (የሚዞረውን ክፍል) ከወፍራም ላሜራ ቆረጠ፣ ኩሽኔቱን ምናለሽ ተራ አገኘ። ሽቦውን ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ክፍል ተዋሰ። ኮይሉን የጠመጠመው በእጁ ነው። እናቱ ማታ ማታ በኩራዝ ዙሩን ይቆጥሩለት ነበር። እኔንም እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ፤ ሽምብራ ቆልተው ኪሴን ሞልተው ነው የሚሸኙኝ።

የሙከራው ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ከወፍጮው በቺንጋ አዞርነው። ቴስተሩ ወደ 40 ቮልት ወጣ። እልልታው ቀለጠ። የመኪና የፊት መብራት አምፖል አሰርን። ውስጧ ያለችው ሽቦ ትንሽ ቀላች፣ ከዚያ አላለፈችም። ከትምህርት ቤት አብሮን የመጣው ኃላፊ «ይሄ አይሠራም፣ ሽቦው ቀጭን ነው» አለ። በማግስቱ ተፈታ። ሽቦው ወደ ዕቃ ክፍል ተመለሰ። ጓደኛዬ ከዚያ ወዲህ ቴስተር አልጨበጠም፣ ንግድ ገባ። ተሳክቶለታል፣ ደስ ይለኛል። ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ማሽኑ ይሠራ ነበራ!

ሒሳቡን በጠያቂዬ ቁጥሮች እዩት፤ የእኛም ችግር ያው ነበር። 40 ቮልት ለ20 ኦም ሲካፈል 2 አምፔር ነው። ሁለቱን ጫፍ ብታገናኟቸው እንኳ ከዚያ በላይ አይሰጥም። የ55 ዋቱ አምፖል የሚፈልገው ግን ከ4 ተኩል አምፔር በላይ ነው። በእሱ ፋንታ ባለ 12 ቮልት፣ 5 ዋት አምፖሎች ሦስቱን በተከታታይ (አንዱን ከሌላው ቀጥሎ በአንድ መስመር) ብናስር ኖሮ ሦስቱም ይበሩ ነበር። ያ ቤት ኩራዙን ያጠፋ ነበር።

ወፍራም ሽቦስ? እዚያው ቦታ ላይ ዙሩን በግማሽ ቀንሳችሁ፣ የሽቦውን የቁርጥ ስፋት (ሲቆረጥ የሚታየውን ፊት ስፋት) እጥፍ ብታደርጉት 20 ቮልትና 5 ኦም ታገኛላችሁ። ባትሪ ለመሙላት ይመች ይሆናል። ከማሽኑ የሚወጣው ትልቁ ጉልበት (ግማሹ ቮልት አምፖሉ ላይ፣ ግማሹ ኮይሉ ውስጥ ሲቀር የሚገኘው) ግን በሁለቱም ያው 20 ዋት ነው። ጉልበት የሚጨምረው ከፍጥነት፣ ከማግኔቱ ብርታትና በማግኔቱና በኮይሉ መካከል ያለውን ክፍተት ከማጥበብ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ቮልቴጁም እጥፍ ይሆናል፣ ጉልበቱ አራት እጥፍ። የሚያዞረው ነገር አቅም ካለውና ኮይሉ ሙቀቱን ከቻለ ማለቴ ነው።

የዛሬ ልጆች ቪዲዮ አይታችሁ ትጀምራላችሁ። ባንዴ ካልበራ ሌላ ቪዲዮ ትከፍታላችሁ። ይሄ ነገራችሁ አይዋጥልኝም። ደግሞ ያኔ እኛ አንድ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ብናገኝ ኖሮ ጓደኛዬ ዛሬ መሐንዲስ ይሆን ነበር። እና እዩ፣ ምን አገባኝ። ብቻ እየለካችሁ ጻፉ።

ስለ ጥንቃቄ አልደጋግምም፣ ታውቁታላችሁ።

አንተ ጠያቂዬ፣ ኮይሉን እንዳትፈታው። መጀመሪያ ሦስቱን ትንንሽ አምፖሎች ሞክር። ፍጥነቱን ለማወቅ ቴስተርህን ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚያደርገው ዑደት ብዛት) ላይ አድርገው፤ ሰሜንና ደቡብ እየተፈራረቁ 12 ማግኔት ካሉህ 50 ኸርዝ ማለት በደቂቃ 500 ዙር ነው። ከዚያ ክፍተቱን አጥብበህ እንደገና ለካ። የሁለቱንም ጊዜ ቮልት፣ አምፔርና ኸርዝ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።