ለብቻቸው ለሚኖሩ እናትሽ ስማርት ሰዓት ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ «እናቴ 76 ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከሩቅ ሆኜ ጤናቸውን እንድከታተል የትኛውን ስማርት ሰዓት ልግዛላቸው?» ላልሽው፣ እኔም አባቴን በዚሁ መንገድ ስለምከታተል የማውቀውን ልንገርሽ።

የሰዓቱ ስም በኋላ ይደረስበታል። መጀመሪያ የሚያሰጋሽን ለዪ። መውደቅ ነው? ልብ ነው? ስኳር ነው?

መውደቅ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ሲሪስ 4 ወዲህ ያሉት የአፕል ሰዓቶች ከባድ አወዳደቅን ይለያሉ። የወደቀው ሰው አንድ ደቂቃ ያህል ካልተንቀሳቀሰ ሰዓቱ ራሱ ለድንገተኛ እርዳታ ይደውላል፤ ቀድመሽ ለመዘገብሻቸው ተጠሪዎችም ያሉበትን ቦታ ይልካል። ግን ቀስ ብሎ ከአልጋ ወይም ከወንበር የተንሸራተተን ሰው ላያውቀው ይችላል። የራሱ የሞባይል መስመር የሌለው ሰዓት ደግሞ ስልኩ ሌላ ክፍል ርቆ ከቀረ መደወሉ ያጠራጥራል። ይህንን ሻጩን አጥብቀሽ ጠይቂው።

ማንም የማይነግርሽ ነገር ቻርጅ ነው። ሁሉም ሰው ሌሊት ይሰካዋል። አረጋዊ ሰው ደግሞ ለሽንት ሲነሳ በጨለማ የሚደናቀፈው ሌሊት ነው! አባቴ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ሬዲዮ ሲያዳምጡ ነው የሚሰኩት። ውሃ የሚችል ከሆነም ሲታጠቡ አያውልቁት፤ መታጠቢያ ቤትም ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው።

ልብ ከሆነ፣ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚመዘግብ መለኪያ) ያለው ሰዓት ጣታቸውን ለ30 ሴኮንድ ሲያሳርፉበት የተዛባ ምትን (ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን) ሊይዝ ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምቱ ሲዛባ ልብ ውስጥ ደም ይረጋና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። የልብ ድካምን ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመምን ግን አይለይም። ደረታቸውን ካመማቸው ሰዓቱ ምንም ቢል ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

የኦክስጅን ቁጥሩን ብዙ አትመኚበት። የሚለካው ቆዳ ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን ስለሆነ እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ኦክስጅን መለኪያዎች ያስጠነቀቀው በዚሁ ነው። ለደም ግፊት በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ ይሻላል። ለስኳር ደግሞ ክንድ ላይ የሚለጠፍ ሴንሰር አለ፤ ከደም በጥቂት ደቂቃ ወደኋላ ይዘገያል እንጂ ስኳር ሲወርድ ስልክሽ ላይ ያስጠነቅቃል።

ከዕቃው ይልቅ የከበደኝ ማንቂያው ነው። ሁሉም ቁጥር ስልኬ ላይ ሲመጣ በየሰዓቱ እደውል ነበር፤ አባቴ «ዛሬ ደግሞ ልቤ ስንት ጊዜ መታ?» እያሉ ያላግጡብኝ ጀመር። አሁን መውደቅና የተዛባ ምት ብቻ ነው የሚደርሰኝ። ሌላው ለሐኪማቸው ቀጠሮ ይቆያል። ምትን የሚያዘገይ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ማንቂያው ስንት ላይ ይሁን የሚለውን ሐኪሙ ይወስንልሽ።

ማንቂያው ሲጮኸስ ማን ይደርሳል? አንቺ ሩቅ ነሽ። ቁልፍ ያለው ጎረቤት ወይም ዘመድ የመጀመሪያው ተጠሪ ይሁን፣ አንቺ ሁለተኛ። እናትሽም ምን እንደምታዪ አውቀው ይስማሙ፤ ሳይነገራቸው ያሰሩት ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።

ፔስሜከር (ደረት ውስጥ የሚቀበር የልብ ምት ማስተካከያ) ካላቸው ደግሞ ሳትገዢ ጻፊልን። ሰዓቱም ማሰሪያውም ቻርጀሩም ማግኔት ሊኖራቸው ስለሚችል ከደረታቸው ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ ቻርጅ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ መራቅ አለባቸው።