ዳገት ላይ ብቻ የሚያፈላው ዶልፊን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? የምጽፍልዎ ከሸዋሮቢት ነው። የናፍጣ ዶልፊን ሚኒባስ አለኝ፣ 480 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል። ሜዳ ላይ ምንም የለበትም። የደብረ ሲናን ዳገት ስጀምር ግን የሙቀት ጌጁ ይወጣል፣ ጣርማበር ሳልደርስ ያፈላል። አንዱ መካኒክ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን) አውጥቶ ጣለው፣ ለውጥ የለም። ሌላው «ቴስታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ነው፣ ይውረድ» አለኝ። ላስወርደው ወይስ ልታገስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቴስታውን ለማስወረድ አትቸኩል። መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን እይ። አዎ፣ ክዳኑን!

ለምን መሰለህ፣ ከፍታ በጨመርክ ቁጥር ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ሸዋሮቢት ላይ በክፍት ድስት የጣድከው ውሃ በ96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጣርማበር ዋሻው ጋ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ፣ ውሃው 90 ላይ መንተክተክ ይጀምራል። ሞተርህ ደግሞ በደህናው ቀን እንኳ የሚሠራው እዚያው 85፣ 90 ላይ ነው። የሚያድንህ ክዳኑ ነው። ላዩ ላይ 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር ያለው ደህና ክዳን ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል፣ ዋሻው ጋ እንኳ 110 ዲግሪ እስኪያልፍ አይፈላም። ጎሚኒው ከደረቀ ወይም ሞላው ከላላ ግን ያው ክፍት ድስት ይዘህ ዳገት ወጣህ ማለት ነው። ቁጥሩን አይተህ በተመሳሳዩ ቀይረው። ቴስታ ከማስወረድ ጋር ዋጋው አይወዳደርም።

ቀጥሎ ፋኑ። ያንተ ፋን መሀሉ ላይ ዘይት ያለው ክላች ካለው፣ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ በእጅህ ግፋው። ያለ ምንም ማንገራገር ደጋግሞ ከዞረ፣ ዙሪያውም ዘይት ካወዛ፣ አልቋል። ዳገት ላይ ስትንፏቀቅ ከፊት የሚገባ ነፋስ ስለሌለ ተስፋህ እሱ ብቻ ነው። ራዲያተሩንም ከፊት ለፊት ተመልከት፤ አቧራና የጤፍ እብቅ ጠቅጥቆት ከሆነ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ ልቀቅበት። ክንፎቹ በጣት ሲነኩ እንደ ድርቆሽ የሚፈረካከሱ ከሆነ ግን ማጠቡ ትርፉ ድካም ነው።

ቴርሞስታቱን መልሰህ አስገባ፣ አዲስ ገዝተህ። ያለሱ ደብረ ብርሃን ስትደርስ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ናፍጣ ሲጠጣ ይውላል። አንዳንድ ሞተር ላይማ ጭራሽ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ስለሚመለስ ሙቀቱ ይብሳል። ስትገዛ በክር አንጠልጥለህ የተጣደ ውሃ ድስት ውስጥ ሞክረው፣ የሚከፈትበት ዲግሪ ላዩ ላይ ተጽፏል። ሙከራውን ግን እዚያው ሸዋሮቢት አድርገው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃው በ90 ስለሚፈላ፣ 88 የሚለው ገና ፈቅ ሲል ሙቀቱ ያልቅብህና ደህናውን ዕቃ ተበላሽቷል ብለህ ትጥለዋለህ።

ቴስታውስ? ሳታወርደው ታውቃለህ። አዲሱን ክዳን ገጥመህ አንድ ቀን ሥራበት። በማግስቱ ጠዋት ሳታስነሳ የላይኛውን ትልቁን የራዲያተር ጎማ ጨምቀው። አድሮም እንደተወጠረ ከሆነ ጥሩ አይደለም፣ የሞተሩ ጋዝ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው። ከዚያ ክዳኑን በጨርቅ ይዘህ ቀስ ብለህ ክፈት፣ እስከ አፉ ሙላና አስነሳ። መጀመሪያ ትንሽ አየር ቢወጣ ግድ የለም። እንደ ለስላሳ ሳያቋርጥ ከተፍለቀለቀ ግን ከቴስታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበልቷል ወይም ቴስታው ተሰንጥቋል። የዘይት መለኪያው ላይ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካየህማ አትጠራጠር። ያኔ ይውረድ፤ ቶርኖ ቤት ሄዶ መጣመሙና ስንጥቁ ሳይታይ ግን እንዳትገጥመው።

እስከዚያው ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ውጣ፣ ፓምፑም ፋኑም ፈጠን ብለው እንዲዞሩ። ጌጁ መውጣት ሲጀምር የውስጥ ማሞቂያውን ክፈተው፣ ተሳፋሪው ቢያጉረመርምም። ካፈላ አጥፋና ጠብቅ። እኔ አንዴ እዚያው ዳገት ላይ ተቻኩዬ ቀዝቃዛ ውሃ በጀሪካን ሞላሁበትና ቴስታ ሰነጠቅኩ። ጭላዳዎቹ ተደርድረው ሲያዩኝ ነበር።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ አሮጌ ኮሮላ አለችኝ። አገሩ ብርድ ነው፣ ኩላንት ምን ያደርግልኛል? ውሃ አይበቃም?

መልስ፦ እህቴ፣ ብርዱ ስላለ ነው እንጂ! ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት አገር ባዶ ውሃ ይዞ ደጅ ማሳደር ቁማር ነው። ውርጩን እንኳ ብንተወው የቧንቧ ውሃ ራዲያተሩን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ስትከፍቺው የጠላ አተላ የመሰለ ነገር ካየሽ ጀምሮታል ማለት ነው። አሳጥቢውና ውርጩንም ዝገቱንም የሚከላከለውን ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ አድርጊ። የወጣውን አሮጌ ኩላንት ደግሞ ደጅ እንዳትደፊው። ስለሚጣፍጥ ውሻውም በጉም ይልሰዋል፣ መርዝ ነው።