27 ኢንች ከርቭድ ወይስ ምን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዓምዳችሁን ሁሌ ነው የማነበው። አዳማ ነኝ። ቆጥቤ ዩዝድ ዴስክቶፕ ገዛሁ፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1650 ነው፣ አሁን የቀረኝ ሞኒተር ብቻ ነው። ከስራ ስገባ ፊፋና ጂቲኤ 5 እጫወታለሁ፣ ማታ ደሞ መብራት አጥፍቼ አልጋዬ ላይ ሆኜ ፊልም ነው። ታናሽ ወንድሜ ፒኤስ 4 ስላለው እሱንም እዛው መሰካት እንፈልጋለን። ጓደኛዬ 27 ኢንች ከርቭድ 165 ኸርዝ ካልሆነ እንዳትገዛ ይለኛል፣ ባለሱቁ ደሞ 4ኬ ውሰድ ይላል፣ ብሬ ለሁለቱም አይበቃም። እህቴ ለጥምቀት ከቨርጂኒያ ትመጣለችና እሷ ብታመጣልኝስ? በጣም ግራ ገባኝ። (ጌመሩ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጌመሩ ሰላም ነው? ሁለቱም ስለ ሞኒተሩ ነው ያወሩህ፣ ካርድህን የጠየቀ የለም። 1650 እኮ 1080ፒ (1920 በ1080 ነጥብ) ላይ ጎበዝ ካርድ ነው፣ 4ኬ ማለት ግን የ1080ፒ አራት እጥፍ ፒክስል ነው፣ በእያንዳንዱ ፍሬም (ምስል) 8 ሚሊዮን ምናምን ነጥብ ሳል ስትለው ጂቲኤ ላይ ከአቅሙ በላይ ጤፍ እንደጫኑበት አህያ ነው ሚሆንብህ። ስለዚህ ባለሱቁን አመስግነህ እለፈው። የጓደኛህ 27 ኢንች ደሞ ብርህን ለማብቃቃት 1080ፒውን ከወሰድክ በአንድ ኢንች 82 ፒክስል ገደማ ነው ያለው፣ 24ቱ ላይ 92 ነው። ሱቅ ውስጥ ራቅ ብለህ ቆመህ ስለምታየው አይታወቅህም፣ ቤት ገብተህ ጠረጴዛው ላይ ስትቀመጥ ነው ፊደሉ ሻካራ ሚሆንብህ። 27 የሚያምረው በ1440ፒ (2560 በ1440 ነጥብ) ነው፣ እሱን ደሞ ካርድህ በብዙ ጌም አይችለውም። 24 ይበቃሃል።

አሁን ዋናው ነገር ፓነሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚሠራው የስክሪኑ አይነት ነው፣ ሱቅ ሄደህ ስትጠይቅ ግን "ኤልኢዲ ነው" ብቻ ነው ሚሉህ፣ ኤልኢዲ ከኋላ የሚያበራው መብራት እንጂ የፓነል አይነት አይደለም። የሞዴሉን ቁጥር ጻፍና ራስህ ጎግል አድርግ። አይፒኤስ የሚባለው ቀለሙ ቆንጆ ነው፣ ከጎን ስታየውም አይቀየርም፣ ኮንትራስቱ (ነጩ ከጥቁሩ ስንት እጥፍ እንደሚደምቅ) ግን ብዙውን ጊዜ 1000 ለ1 አካባቢ ነው። ቪኤ ደሞ 3000 ለ1 አካባቢ ይደርሳል። ቁጥሩ ብቻውን ምንም ላይመስልህ ይችላል፣ ግን አንተ መብራት አጥፍተህ ፊልም አያለሁ ብለሃል፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አይፒኤስ ላይ የሌሊቱ ሰማይ ጭስ የገባበት ግራጫ ይሆናል፣ ቪኤ ላይ ጥቁር ወደ ጥቁርነቱ ይጠጋል። ቪኤም ጉድ አለው፣ ጨለማ ትዕይንት ላይ በፍጥነት ስትዞር ከኋላ ጥላ ይጎትታል፣ ከጎን የተቀመጠ ሰውም ቀለሙ ይገረጣበታል። አንተና ወንድምህ ጎን ለጎን ሆናችሁ ብዙ ምትጫወቱ ከሆነ አይፒኤስ ውሰድ፣ እኔ ግን በጥያቄህ ፊልሙ ስለሚበዛ ቪኤ እልሃለሁ። ሦስተኛውን አይነት፣ ቲኤን የሚባለውን፣ በነጻ ካልሆነ እንዳትነካው።

ኸርዝ (ስክሪኑ በሰከንድ ስንቴ ምስል እንደሚቀይር) ላይ ጓደኛህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ለፒኤስ 4 ምንም አይጠቅምም፣ እሱ ከ60 አይዘልም። ለፊልም ግን ሰው የማያስበው ነገር አለ፣ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፣ 60 ደሞ ለ24 እኩል አይካፈልም፣ ስለዚህ አንዱ ፍሬም ሦስቴ ቀጣዩ ሁለቴ እየታየ ይሄዳል፣ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር ምስሉ ትንሽ ሚንተፋተፈው ለዛ ነው። 120 በአምስት፣ 144 በስድስት ልክ ይካፈላል። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ 144ቱን ውሰድ፣ ካልሆነ 100 ኸርዝም ለ1650 ይበቃል። ፍሪሲንክ (የስክሪኑን ኸርዝ ከካርዱ ፍጥነት ጋር የሚያስኬድ) ያለው ከሆነ ደሞ በዲስፕሌይ ፖርት ሰካው፣ ኢንቪዲያ ከ2019 ጀምሮ ከጂቲኤክስ 10 ወዲህ ላሉ ካርዶች ፈቅዷል። ካርቶኑ ላይ "ኤችዲአር" (ደማቁንና ጨለማውን አጉልቶ ያሳያል የሚባለው) እና "1 ሚሊሰከንድ" (ፒክስሉ ቀለም የሚቀይርበት ፍጥነት) የሚል ስቲከር ስላለ ግን አንድ ብር እንዳትጨምር፣ በዚህ ዋጋ ያሉት ስክሪኖች ብርሃናቸው ለኤችዲአር አይበቃም።

እህትህ ታምጣልህ፣ 24 ኢንች በካርቶኑ ሆኖ ከሻንጣው የ158 ሴንቲሜትር ልክ አያልፍም፣ ግን ሁለት ነገር ንገራት። ከኋላው ወይ አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሁፍ መኖሩን ትይ፣ ከዛ ሳታሽገው በፊት እዛው ቤቷ ከፍታ ታብራው፣ እዚህ ደርሶ የሞተ ፒክስል (ቀለም የማይቀይር ነጥብ) ቢገኝበት ማን ይመልሰዋል? እዚህ ምትገዛ ከሆነ ደሞ ፍላሽህ ላይ ሙሉ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ጥቁር ፎቶ ጭነህ ሂድ፣ እያንዳንዱን ሙሉ ስክሪን አድርገህ የሞተ ፒክስል ፈልግ፣ ጥቁሩ ላይ በማዕዘኖቹ መብራት ሾልኮ እንደሆነ እይ። ዩዝድ ሆኖ ቪጂኤ (የድሮው የገመድ መሰኪያ) ብቻ ካለው ተወው፣ ካርድህ ቪጂኤ የለውም፣ ቪጂኤ ድምፅም አያስተላልፍም። ርካሾቹ ብዙዎቹ ስፒከር ስለሌላቸው የኢርፎን ቀዳዳ እንዳለው አረጋግጥ፣ የፒኤስ 4ቱን ድምፅ በሱ ነው ምታወጣው።

ቤት ስትገባ ገመዱን ካርዱ ላይ ሰካ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም፣ ከዛ ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብተህ ኸርዙን ራስህ ቀይር፣ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ነው ሚጀምረው። እኔ 144 ገዝቼ ስምንት ወር ሙሉ በ60 ስጫወት ነበር፣ "ልዩነቱ ይታያል" እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራ ነበር፣ አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጥያቄ፦ እኔ ደሞ ሞኒተር ከምገዛ 32 ኢንች ቲቪ ገዝቼ ላፕቶፔን ብሰካበትስ? ለኮሪያ ድራማና ለትምህርት ነው፣ ጌም አልጫወትም። (የባህር ዳሯ ተማሪ)

መልስ፦ እህቴ፣ ለድራማው ይሆናል፣ ለትምህርቱ ግን ዓይንሽን ያደክምሻል። ርካሽ 32 ኢንች ቲቪዎች ብዙዎቹ 1366 በ768 ናቸው፣ ከላፕቶፕሽ ስክሪን ላያንሱ ይችላሉ ግን በዛ ስፋት ላይ ሲዘረጋ ጽሁፉ ይደበዝዛል። ካርቶኑ ላይ "ፉል ኤችዲ" ወይ 1920 በ1080 የሚል ካለ ግዢው፣ "ኤችዲ ሬዲ" ካለ ተይው። ከሰካሽው በኋላ የምስሉ ጠርዝ ተቆርጦ ከታየሽ ቲቪው አልተበላሸም፣ የምስል ስፋት ሚለው ሜኑ ውስጥ "ጀስት ስካን" ወይ "ስክሪን ፊት" የሚል አለ፣ እሱን ምረጪ።