የአርበኛ አያትህን የጡረታ ፋይል ለመፈለግ

ወንድሜ፣ የመንዙ አያትህ በድህነት አለፉ፣ የጡረታ ፋይላቸውን የት ላግኝ ብለሃል። መጀመሪያ አርበኝነታቸውንና ወታደርነታቸውን ለይ። በጠላት ዘመን ከራስ አበበ አረጋይ ጋር ጫካ የገባ አርበኛ ውለታው ተከፍሎት ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ በመሬት ነው። የገጠር መሬት ደግሞ በ1967 የመንግሥት ሆነ። ያሳዝናል።

በኋላ ክብር ዘበኛ ወይም ጦር ሠራዊት ገብተው ከነበረ ግን ተስፋ አለ። የወታደርም ጡረታ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ጋ ነው። በሴት አያትህ ስምም አስፈልግ፤ ባል ሲሞት ለሚስት አበል ስለሚታሰብ የጡረታ ደብተሩ በእሳቸው ስም ሊሆን ይችላል። ከመሄድህ በፊት ሣጥናቸውን በደንብ ፈትሽ። የጡረታ ቁጥር ያለባት አንዲት ብጣሽ ወረቀት ከስንት ምልልስ ታድንሃለች። ስማቸው እንደ «ኃይሌ» በሁለት ፊደል የሚጻፍ ከሆነም በ«ኃ»ም በ«ሀ»ም አስፈልግ።