ባርነት አሜሪካን እንዴት ወደ እርስ በርስ ጦርነት ገፋት? ጠይቁኝ

ከ1820 እስከ 1861 አሜሪካ ውስጥ በባርነት ላይ ስለነበረው የፖለቲካ ጭቅጭቅ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ጥያቄ ያላችሁ ወርውሩ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ጦርነቱ የስቴቶች መብት ጉዳይ እንጂ የባርነት አይደለም የሚሉ አሉ፣ ምን ትላለህ?

መልስ፦ ተሳስተዋል። የተገነጠሉት የደቡብ ስቴቶች ራሳቸው የጻፉትን ማየት ይበቃል፣ ሚሲሲፒ ለምን እንደተገነጠለች ባወጣችው መግለጫ ገና ከመጀመሪያው አቋማችን ከባርነት ጋር ሙሉ በሙሉ የተቆራኘ ነው ነው ያለችው። ደግሞ የ1850ውን ያመለጡ ባሪያዎች ህግ እዩት፣ የሰሜን ስቴቶች ሰው አሳልፈን አንሰጥም ሲሉ ፌደራል መንግስት ገብቶ ያስገድዳቸው ያለው ያው የስቴት መብት ባዩ ደቡብ እኮ ነው። በዛ ህግ የተያዘው ሰው ስለራሱ መመስከር አይችልም፣ ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽነር ደግሞ ወደ ባርነት ከመለሰው 10 ዶላር ነጻ ከለቀቀው 5 ዶላር ነው የሚከፈለው!! ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ጥያቄ፦ ሰሜኖቹስ ለጥቁሮች አዝነው ነው የተነሱት?

መልስ፦ አብዛኞቹ አይደለም። ባርነት ከስሩ ይጥፋ የሚሉት ጥቂት ነበሩ፣ ብዙሀኑ የፈራው ምዕራብ ያለው አዲስ መሬት በባለ ባሪያዎች እንዳይያዝ ነው። ሊንከን ራሱ በ1860 ሲወዳደር ያለበት ቦታ አልነካውም አይስፋፋ ብቻ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ተደራድረው ለምን አልጨረሱትም?

መልስ፦ ተደራድረዋል እኮ። በ1820 ሚዙሪ ከነባርነቷ ሜይን ያለ ባርነት አብረው እንዲገቡ ተስማሙና ሴኔት ውስጥ ሚዛኑ ተጠበቀ፣ ለሌላው የምዕራብ መሬትም ከዚህ በሰሜን ባርነት የለም የሚል መስመር ተሰመረ። ነገሩን ያበላሸው በኔ እምነት 1854 ነው፣ ሴናተር ስቴፈን ዳግላስ ያንን መስመር ሽሮ የካንሳስ ሰው ራሱ በድምጽ ይወስን አለ፣ ሲሰማ ጥሩ ይመስላል ግን ከሚዙሪ መሳሪያ የታጠቁ ሰዎች እየተሻገሩ ድምጽ ሰጥተው ይመለሱ ጀመር፣ ካንሳስ ሁለት መንግስት ሆነላት መገዳደልም መጣ። በ1857 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጻነቱን ለማግኘት በከሰሰው በባርነት የተያዘ ሰው በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁር ዜጋ መሆን አይችልም፣ ኮንግረስም በምዕራብ ግዛቶቹ ባርነትን መከልከል አይችልም ብሎ ፈረደ። ከዛ በኋላ ምን ላይ ይደራደራሉ?

ጥያቄ፦ ሴኔት ውስጥ ሰው ተደበደበ የሚባለው እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ሜይ 22 1856። የማሳቹሴትሱ ሴናተር ቻርልስ ሰምነር ስለ ካንሳስ ኃይለኛ ንግግር አድርጎ ነበር፣ ከሁለት ቀን በኋላ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ የሳውዝ ካሮላይናው ተወካይ ፕሬስተን ብሩክስ መጣና ከዘራው እስኪሰበር ጭንቅላቱን ቀጠቀጠው። ጠረጴዛው ወለሉ ላይ በብሎን ስለታሰረ ሰውየው መነሳት እንኳን አልቻለም፣ በመጨረሻ ነቅሎት ነው የተነሳው። ሰምነር ሶስት ዓመት ገደማ ስራው ላይ አልነበረም። ከድብደባው በላይ የሚያስፈራኝ ግን ከዛ በኋላ የሆነው ነው፣ ብሩክስ ስልጣኑን ለቀቀና ህዝቡ መልሶ መረጠው፣ ከደቡብም አዳዲስ ከዘራ በስጦታ ይላክለት ነበር።

ጥያቄ፦ ሊንከን ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ለምን ተገነጠሉ?

መልስ፦ ምርጫው ራሱ አስደነገጣቸው። ዲሞክራቶች ሰሜንና ደቡብ ተብለው ተከፈሉ፣ ሊንከን ደቡብ ውስጥ ይሄ ነው የሚባል ድጋፍ ሳይኖረው 40 በመቶ በማይሞላ ድምጽ አሸነፈ፣ ስለዚ ደቡቦቹ ሰሜኖች ከእንግዲህ ያለኛ ፕሬዝዳንት መምረጥ ይችላሉ አሉ። ሳውዝ ካሮላይና ዲሴምበር 20 1860 ወጣች፣ ማርች 4 ቃለ መሃላ ሲፈጽም ሰባት ስቴት ሄዷል።

ጥያቄ፦ ጦርነቱ ባይነሳ ባርነት በራሱ ጊዜ አይቆምም ነበር?

መልስ፦ እኔ አይመስለኝም። ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በባርነት ተይዞ ጥጥ ከሀገሪቱ ኤክስፖርት ግማሹን በላይ ሲያመጣ ማን በፈቃዱ ይተዋል? ደላዌርን እዩዋት፣ ያልተገነጠለች ስቴት ናት፣ በ1860 ቆጠራ በባርነት የነበሩት 1,798 ሰዎች ብቻ ናቸው። ሊንከን ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ መንግስት ገንዘብ ይከፍላችኋል ልቀቋቸው የሚል ሃሳብ አቀረበላት፣ እምቢ አለች። ባርነትን የከለከለውን 13ኛውን የህገ መንግስት ማሻሻያ ያጸደቀችው በ1901 ነው።